መኪናው ለምን አንዳንዴ ብቻ ጉልበት ያጣል?

ሁልጊዜ የማይስብ መኪና ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ጋራዥ ሲደርስም አይስብም፤ መካኒኩ ራሱ ነድቶ ያየዋል፤ ምክንያቱም ውሎ አድሮ ይገኛል። ጣጣው ሲያሻው የሚለግመው ላይ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ በደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ይሰንፋል፤ ነዳጅ ቢሰጡት አይሰማም፤ የኋላው ሚኒባስ ክላክሱን ያንጫርራል፤ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይስባል። ጋራዥ ሲወስዱት ደህና ነው። መካኒኩ አስነስቶ፣ ሁለት ሦስቴ አጓርቶ «ምንም የለውም» ይላል። ወይም የባሰውን፣ «ለማንኛውም ካንዴላውን እንቀይረው» ይላል። በሳምንቱ ተረኛው የነዳጅ ፓምፕ ነው፣ ከዚያ ሴንሰር። ገንዘቡ ያልቃል፣ ችግሩ ይቀመጣል።

የሚመላለስ ችግር የሚመላለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀት፣ ዳገት፣ በሰልባቲዮው ውስጥ ያለው የነዳጅ መጠን፣ ዝናብ፣ የመንገዱ መንገጫገጭ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲኖር ይመጣል፣ ሲጠፋ ይሄዳል። የትኛው እንደሆነ ለይቶ የመጣ ሾፌር አንድ ብሎን ሳይፈታ የሥራውን ግማሽ ጨርሷል። ስለዚህ እኔ ከመመርመሪያ ኮምፒውተሩ በፊት የማምነው የሾፌሩን ምስክርነት ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው የተገናኙለትን ሽቦዎች ብቻ ነው።

ለምሳሌ ቪትዝን እንውሰድ። ቶዮታ ይህችን መኪና ለገበያ ያቀረባት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከጃፓን ውጭ ያሪስ በሚል ስም ተሸጠች። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የምናየው ባለ 1 ሊትሩ ነው፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ባለ 1 ሊትር ሞተር ደግሞ ያለው ሦስት ሲሊንደር ብቻ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያሉት ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት እየተጠገኑ መሥራት አለባቸው። «አንዳንዴ ይለግማል» የሚለው ስሞታም አብሯቸው ይከርማል።

የቤንዚን ሞተር የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ አየር፣ በልኩ የተመጠነ ነዳጅ፣ በሰዓቱ የሚደርስ የእሳት ብልጭታ፣ የተቃጠለው ጭስ የሚወጣበት ክፍት መንገድ። ልኩ ጠባብ ነው፤ 1 ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በየሰከንዱ 75 ብልጭታ መምጣት አለበት። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ የሚደብቀው ነገር የለም። ስድስት ሲሊንደር ባለው መኪና አንዱ ቢያርፍ አምስቱ ይሸፍኑታል፤ እዚህ ግን አንዱ ሲያርፍ የጉልበቱ ሲሶ ሄደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ነገር ማንሳት ግድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን ይቀንሳል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ የሚሰጠው 50 እና ከዚያ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከድሬዳዋ መኪናውን ይዞ የመጣ ሰው «አዲስ አበባ ስገባ ደከመ» ቢል እውነቱን ነው፤ ሆኖም ይህ ብልሽት አይደለም፣ አይመላለስምም። ማታም ጠዋትም ያው ነው። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ መኪናው መጠባበቂያ ጉልበት ስለሌለው ዝቅ ያለ አገር ላይ የማይታወቅ ትንሽ ጉድለት እዚህ ዳገት ላይ ይጋለጣል። ወደ አዳማ ሲወርድ ዝም ብሎ የሄደ ቪትዝ ሲመለስ በፍጥነት መንገዱ ላይ የሚያለከልከው ለዚህ ነው። መንገዱ ሲመለሱ ከ500 ሜትር በላይ ያስወጣል።

አንድ ሠፈር ውስጥ የሚሠራ ወጣት መካኒክ ደንበኛውን ሲጠይቅ ቆሜ ሰምቻለሁ። ደንበኛው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ድንገት ነው የሚጠፋብዎት ወይስ እየለገመ?»

«እየለገመ ነው ልጄ። መጀመሪያ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ይደክማል።»

«ሜዳ ላይም?»

«ኧረ ዳገት ላይ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይል።»

«ቤንዚኑስ ያን ጊዜ ስንት ነበር?»

ሰውዬው ትንሽ አሰቡ። «እኔ እኮ ሞልቼው አላውቅም። መብራቱ ሲበራ የተወሰነ እቀዳለሁ፣ እንደገና ሲበራ እቀዳለሁ።»

ልጁ ኮፈኑን አልነካም። የኋላውን በር ከፍቶ መቀመጫውን አነሳ፤ የቪትዝ የነዳጅ ፓምፕ ከዚያ ሥር ነው። ፓምፑ ሲወጣ ጫፉ ላይ ያለችው ማጥለያ ጥቁር ጭቃ ለብሳለች። በጣቱ ሲጠርጋት እንደገና ነጭ ሆነች። ሦስቱ ጥያቄዎች ያደረጉትን ሥራ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዕቃ መቀየር አይሠራውም።

ከሁሉ በፊት ግን የሚለይ አንድ ነገር አለ፤ የደከመው ሞተሩ ነው ወይስ ጉልበቱ ጎማ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው? መለየቱ አያስቸግርም። ነዳጅ ሲሰጡት የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ መኪናው ባለበት ከቀረ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። በማንዋል መኪና ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ዳገት ላይና ሲሞቅ ይብሳል፣ አንዳንዴም የተቃጠለ ሽታ ይኖረዋል። አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮው ዘይት ይታይ። ድምፁም ፍጥነቱም አብረው ከወረዱ ሞተሩ ነው። ሌላም አለ፦ ፍሬን ይዞ የሚቀር ጎማ። ትንሽ እንደነዱ ቆመው እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ ያድርጉ፣ አይንኩት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ሞተሩን ያለ ጥፋቱ አትክሰሱት።

ሞተሩ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ የልጁ ጥያቄ ነው፤ እንዴት ይጠፋል?

እየለገመ፣ እየተንገጫገጨ፣ ጭነት ሲበዛበት የሚደክም ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የተራበ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ፓምፑ የሚሠራበትን ሁኔታ ማየት ያሻል። የዘመኑ መኪና ፓምፕ የተቀመጠው ሰልባቲዮው ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው። ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ከ3 ባር ባላነሰ ግፊት ሲሆን፣ የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰውም በዚያው በሚገፋው ቤንዚን ነው። መብራቱ እስኪበራ እየጠበቀ የሚቀዳ ሰው ፓምፑን ያሞቀዋል። የሰልባቲዮው ወለል ላይ የተኛው ቆሻሻም ወደ ማጥለያዋ ይሳባል። ነዳጁ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ዳገት ላይ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። በከተማችን ማደያ ላይ የምንሰለፈውን ሰልፍ አውቃለሁ፤ «ሙላ» ለማለት ሁልጊዜ አይመችም። ቢሆንም ከሩብ በታች ማውረድን ልማድ አለማድረግ ፓምፕ ከመግዛት ይረክሳል።

ሜዳ ላይ የደከመ ፓምፕ ለምን አይታወቅም? ሞተሩ በሜዳ የሚበላው ጥቂት ስለሆነ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጡ ፍላጎቱ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ፓምፑ ያን ጊዜ ያንሳል። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በሚኒሞ እየሠራ ግፊቱ ቢለካ ልክ ሆኖ የሚገኘውም ለዚህ ነው። የሚበጀው ረዥም ቱቦ ያለውን የግፊት መለኪያ አገናኝቶ፣ መለኪያውን ከውጭ በመስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጥፎ፣ ሾፌሩ ከውስጥ እያየው ዳገት መውጣት ነው። መኪናው በለገመበት ቅጽበት ቀስቱ ከወረደ ወንጀለኛው ተያዘ፤ ካልወረደ ፓምፑ ነፃ ነው፣ ገንዘብዎም ተረፈ። ይህን ግን ቱቦውን በትክክል የሚያስር መካኒክ ያድርገው። ግፊት ያለበት ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ከተረጨ ቀልድ አያውቅም።

ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ደካማ ሊሆንም ይችላል። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ጫፍ ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መለካት አለበት። ዲናሞው ከደከመ፣ ወይም የባትሪው ጫፍ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ካወጣ፣ ፓምፑም ብልጭታውም አብረው ይዳከማሉ። ባትሪውን ማጽዳት ብሩሽና ውኃ ነው የሚፈልገው፤ ማንኛውም ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ይሞከር።

ከዚያ ርካሽ የሆነውን ፈተና ልንገርዎ። መኪናው ለግሞ ሲቆም ወርደው የነዳጁን ክዳን ይክፈቱ። ወደ ውስጥ አየር የሚስብ «ፍስስ» የሚል ረዘም ያለ ድምፅ ከሰሙና መኪናው ከዚያ በኋላ ደህና ከሆነ፣ የሰልባቲዮው መተንፈሻ ተዘግቷል። ነዳጁ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ውስጡ ባዶ ግፊት ይፈጠርና ፓምፑ ከእሱ ጋር ይታገላል። ክዳኑ ጠፍቶባቸው ማስቲካና ጨርቅ የጠቀጠቁ፣ ወይም የማይገጥም ክዳን የገጠሙ መኪኖች ይህ በሽታ አያጣቸውም።

የጀሪካኑ ቤንዚን ነገር ለብቻው ይነገር። ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ውኃ ወይም ላምባ ሊኖርበት ይችላል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ፓምፑ የሚስበው ከወለሉ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሲነሳ ያስቸግራል፣ መንገድ ላይ ደግሞ መኪናው ሲወዛወዝ ውኃው እየተቆራረጠ ይገባና ሞተሩ ያስላል። ጥቂት ነዳጅ በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድቶ ሩብ ሰዓት ማቆየት ነው፤ ውኃ ካለበት ከታች ይለያል። ላምባ ግን ከቤንዚን ጋር ስለሚዋሃድ በጠርሙስ አይያዝም። የሚታወቀው ዳገት ላይ ሞተሩ በሚያሰማው የብረት መንኳኳትና በጭሱ ነው።

ድሮ ካርቡራተር በነበረበት ጊዜ ሌላ ምክንያት ነበር። ቮልስና ላዳ የነዱ ሰዎች ያስታውሱታል፤ በጠራራ ፀሐይ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይፈላና መኪናው ቀጥ ይላል። ሾፌሩ ወርዶ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያደርጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። የአሁኑ መኪና ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት ስለሚይዘው ይህ በሽታ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ ምክሩ ግን አልጠፋም። ቪትዝ ሞተር ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጥል ሰው እስከ ዛሬ አለ፤ ሽቦ ከማርጠብ በቀር የሚያተርፈው የለም።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት እንሂድ፤ ሳይለግም፣ ሳይንገጫገጭ፣ መብራት እንደጠፋ ድርግም የሚለው። ይህ የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ያን ቅጽበት ዳሽቦርዱን ማየት ብዙ ይነግራል። ሬዲዮውም መብራቱም አብሮ ከጠፋ ጥርጣሬው ባትሪው፣ ዋናው ሽቦ ወይም ቁልፉ ላይ ነው። እነሱ እየሠሩ ሞተሩ ብቻ ከጠፋ፣ በተለይ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከሆነና ሩብ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ከተነሳ፣ የክራንክ ሴንሰር ይጠርጠር።

የዚህ ሴንሰር ሥራ የሞተሩ ዘንግ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ መንገር ነው። ዘንጉ ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቀለበቱ የተከፈለው ለ36 ጥርስ ሲሆን፣ ሁለቱ ሆን ተብሎ ስለቀሩ 34 ናቸው ያሉት። ባዶው ቦታ ባለፈ ቁጥር ኮምፒውተሩ አንድ ዙር መሙላቱን ያውቃል፤ ብልጭታውንም ነዳጁንም የሚሰጠው በዚያ ቆጠራ ነው። ሴንሰሩ ውስጥ ያለው የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ በእርጅና ከተሰነጠቀ፣ ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ቆጠራው ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቆሟል ብሎ ነዳጁንም ብልጭታውንም ይዘጋል። መኪናው ገና እየተንከባለለ የዙር ቆጣሪው ቀስት በቅጽበት ዜሮ ላይ ከወደቀ ጥሩ ምልክት ነው። ይህ ቆጣሪ የሌለው ቪትዝ ብዙ ስለሆነ፣ በስልክ የሚነበብ ትንሽ የመመርመሪያ መሣሪያ ሰክቶ ማየት ይቻላል።

ቁልፉን አትናቁት። የመኪናው፣ የቤቱ፣ የቢሮው፣ የጊቢው ቁልፍ ሁሉ አንድ ላይ ተንጠልጥሎ መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር መግቢያውን ይጎትታል። የዓለም ትልቁ ምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የደረሰው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ገደማ ትናንሽ መኪኖችን መልሶ ጠራ፤ ሼቭሮሌት ኮባልት ዋናዋ ናት። የቁልፉ ማዞሪያ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ደካማ ስለነበር ጉልበት ሲነካው ወይም ቁልፉ ሲከብድ ከሚሠራበት ቦታ ይንሸራተትና ሞተሩ እየተነዳ ይጠፋል። መሪው ይከብዳል፣ የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢቱም አይነፋም። ኩባንያው ለካሳ ያቋቋመው ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ሳቢያ እንደሞቱ ተቀብሏል። ምርመራውን ለዓመታት ያጓተተው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ኩባንያው ማዞሪያውን በኋላ አሻሽሎ የዕቃ ቁጥሩን ግን አልቀየረም። የሚመረምሩት መሐንዲሶች በወረቀት አንድ የሆነ ዕቃ የኋለኞቹ መኪኖች ላይ ለምን እንደማያስቸግር ሊገባቸው አልቻለም። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሲፈቱ ነው ልዩነቱ የታየው። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ «ቀይሬዋለሁ፣ እሱ አይሆንም» የሚል ሰው ይህን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። የተቀየረ ዕቃ ሁሉ የሚሠራ ዕቃ አይደለም።

ሦስተኛው ዓይነት የሚያነክሰው ነው። አይጠፋም፣ ነገር ግን ይንቀጠቀጣል፤ መካኒኮች ሚስ ያደርጋል የሚሉት። ዝናብ ሲዘንብ፣ ወይም ላቫጆ ሞተር ባሳጠቡ ማግስት ከመጣ፣ ውኃ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ገብቶ ብልጭታው መንገድ እየሳተ ነው። ቪትዝ ለእያንዳንዱ ካንዴላ የየራሱ ቦቢና ስላለው ነፃ ፈተና አለ። ኮምፒውተሩ ፒ0301 ካለ ሚስ የሚያደርገው አንደኛው ሲሊንደር ነው። የአንደኛውን ቦቢና ከሁለተኛው ጋር አቀያይረው ይንዱት። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ቦቢናው ነው፤ አንደኛው ላይ ከቀረ ካንዴላው፣ የነዳጅ መርጫው ወይም ሞተሩ ራሱ ነው። ምንም ሳይገዛ ይታወቃል።

ሚስ የሚያደርግ መኪና ላይ ግን አትዘናጉ። የቼክ ኢንጂን መብራት ዝም ብሎ ሲበራ ጊዜ አለ፤ ብልጭ ድርግም ሲል ጊዜ የለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ የጭስ ማጣሪያው ላይ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ይህ ማጣሪያ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ሲሆን ከመጠን በላይ ሲግል ቀልጦ መንገዱን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ካንዴላው ቢቀየርም መኪናው አይስብም። በሚኒሞ ደህና ነው፣ ነዳጅ ሲጨምሩለት ጭሱ መውጫ ስለሚያጣ ይታፈናል። ተሰብሮ የተላቀቀ ቁራጭ ካለ ደግሞ አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ይከፍታል። ማርሚታው ሲመታ የሚንኳኳ ነገር ከተሰማ አንዱ ምልክት ይህ ነው።

መኪናው ድንገት ሰንፎ፣ ነዳጅ ቢረግጡም ከተወሰነ ፍጥነት አላልፍ ብሎ፣ አጥፍተው ሲያስነሱት ግን የሚድንስ? ይህ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱ ያደረገው ነው። በአዲሶቹ መኪኖች የነዳጅ መርገጫው ከአየር በሩ ጋር በብረት ገመድ አልተሳሰረም፤ ሁለት ሴንሰሮች የእግርዎን ቦታ ለኮምፒውተሩ ይነግራሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ ለጥንቃቄ የአየር በሩን ጠበብ አድርጎ ቀስ ብለው ቤት እንዲደርሱ ብቻ ይፈቅዳል። አጥፍቶ ማስነሳት ጊዜያዊ ይቅርታ ነው። ኮዱ ግን ተመዝግቧል።

ስለ አየር ማጣሪያ ብዙ የምለው የለኝም። በአቧራ የተሞላ ፊልትሮ ያደክማል፣ ግን ሁልጊዜ ያደክማል። ሙቀት ግን ይታይ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የላላ ክዳን በረባዳ አገር ይታገሳል፣ እዚህ አይታገስም። በብዙ ቪትዝ ላይ የሙቀት ቀስት የለም፤ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው፣ ቀዩ ሲበራ ደግሞ ዘግይቷል።

ወደ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር እለምናለሁ፤ የባትሪውን ጫፍ አታስነቅሉ። «ሪሴት እናድርገው» የሚለው ልማድ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ኮምፒውተሩ ኮድ ሲመዘግብ የዚያን ቅጽበት ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል፦ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ሙቀት፣ ዙሩን፣ ጭነቱን። ባትሪው ሲነቀል ያ ሁሉ ይሄዳል። ከጃፓን ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞች ከርካሽ መሣሪያ ጋር ላይነጋገሩ ይችላሉ፤ የቶዮታን ቋንቋ የሚያውቅ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ይፈለግ። ኮዱም ቢሆን የሚነግረው የታመመውን ዕቃ ስም አይደለም። ፒ0171 ማለት «አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል» ማለት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ነዳጅ በሚኒሞ ጊዜ ከበዛ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈለጋል፤ ዳገት ላይ ከበዛ ወደ ፓምፑና ወደ ማጥለያው እንመለሳለን። ኮዱን አይቶ ወዲያው «የኦክስጅን ሴንሰር ግዛ» የሚል ሰው ካጋጠመ ቁልፉን ተቀብሎ መሄድ ነው።

እየነዱ ቢጠፋስ? ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ የአደጋ መብራቱን ያብሩ፣ ወደ ቀኝ ያውጡት። መሪው ይከብዳል እንጂ ይታዘዛል። የፍሬኑ ረዳት ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ያለው ለአንድ ወይም ሁለት መርገጥ የሚሆን ኃይል ስለሆነ ደጋግመው አይርገጡት፤ አንዴ አጥብቀው ይዘው ያቁሙት። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን ወደ መቆለፊያው አይመልሱ፣ መሪው ይታሰራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር የሚያጠፋ ሰው ይህን ሁሉ በገዛ ፈቃዱ እያደረገ ነው።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መካኒኩ ሞተሩን በሚኒሞ አስነስቶ «ይኸው፣ ስማው» ቢልዎት አይቀበሉ። በሚኒሞማ ድሮም ደህና ነበር። ችግሩ የሚመጣው በሞቀ ሞተርና ዳገት ላይ ከነበረ፣ ግማሽ ሰዓት ነድተው አሙቁት፣ ነዳጁም ያን ጊዜ የነበረውን ያህል ይሁን፣ ከተቻለ መካኒኩን ጎን አስቀምጠው ያንኑ ዳገት ውጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ። ቀሪው ሂሳብ ከዚያ በኋላ ይከፈላል።